ጥድ የወደቀበት መኪና

ነፋሱ የመጣው ከጉና በኩል ነው። ግንቦት ገብቶ ነበር። መሬቱ ዝናብ ይጠብቃል፤ የመጣው ግን መጀመሪያ ነፋስ፣ ቀጥሎ በረዶ ሆነ። እኔ ከደጄ ቆሜ አያለሁ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከቤታችን ፊት ለፊት ነው፤ የሚለየን አንድ ጠባብ መንገድና የቅጥሩ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ከካቡ ሥር የአማቼ የደሳለኝ ሚኒባስ ቆማለች። ሁልጊዜ የምትቆመው እዚያ ነው። ከታቦት ደጅ የቆመ መኪና ጎማ የሚፈታ ሌባ በእኛ ሰፈር የለም።

የቅጥሩ ጥድ ሲወድቅ አየሁት። አልቸኮለም። ጫፉ ዞር አለ፣ ግንዱ ከወገቡ በላይ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ካቡን ተሻግሮ ሚኒባሷ ላይ ተጋደመ። ድምፁን በረዶው ዋጠው። ውስጧ ሰው አልነበረም። ደሳለኝ ከልጄ ከገነት ጋር ቤታችን ምሳ እየበላ ነበር።

ደሳለኝ ከደብረ ታቦር ሐሙሲት፣ አንዳንዴም እስከ ባሕር ዳር ሰው ይጭናል። መሬት የለውም። ቤቱ የሚበላው ከዚያች መኪና ነው። እሷ ከሌለች የሚቀረው ወደ መተማ ወርዶ የሰው መኪና መንዳት ነው። ከእሱ በፊት የወረዱ ጓደኞቹ ልጆቻቸውን የሚያዩት በዓመት አንዴ፣ ለፋሲካ ነው።

አንድ ተስፋ ነበረው። ሌላው ሹፌር የሚገባው ሰው ቢገጭ የሚከፍልለትን ኢንሹራንስ ብቻ ነው። እሱ ግን ገነት ስለወተወተችው ለመኪናዋም ጭምር ገብቷል። እኔ ያን ጊዜ ለነፋስ ግብር ትከፍላላችሁ ብያቸው ነበር።

በረዶው ጋብ እንዳለ ወጥቶ መኪናዋን ዞራት። ስልኩ ውስጧ ቻርጅ ላይ ነበር፤ እሱም ደቅቋል። የኢንሹራንሱ ቢሮ ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ በእግሩ ወደ ከተማ ሮጠ።

እሱ እንደሄደ ባለቤቴ ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ሰፈሩን ጠራች። የልጄ ባል መከራ ላይ ነው፣ ሲመለስ መኪናዋን እንዲህ ሆና አያያትም አለች። ሰው ተሰበሰበ። ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ያለው ብዙ ነበር፤ ግን ሁሉም የያዘው መጥረቢያ ነው። ከፊሉ ቆረጠ፣ ከፊሉ በገመድ ሳበ። እኔም ገመድ ይዣለሁ። ሴቶቹ እንጨቱን ትርንጎ ወዳዘዘቻቸው ተሸክመው ሄዱ፣ ተመልሰው የመስታወቱን ስብርባሪ ጠረጉ፣ መኪናዋን አጠቡ። ቆርቆሮ ሠሪው ጌጡ ውስጧ ገብቶ በጀርባው ተኛና የጎበጠውን ጣሪያ በእንጨት መዶሻ ከታች ወደ ላይ እየመታ አቀናው። እጁ ጥሩ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ የመታው እሱ ነው። ትርንጎ ለልደታ ከጠመቀችው የተረፈ ጠላ ነበራት፤ እሱን አወጣች። ደቦ ሆነ።

ደሳለኝ ሲመለስ ፀሐይ አልጠለቀችም። ሚኒባሷ ታጥባ ታበራለች። ጣሪያዋ ተቃንቷል። የተጎዳው መስታወቱና አንዱ በር ብቻ ይመስላል። ሰው ሁሉ ቆሞ ፊቱን ያያል። ትርንጎ ጠላ በጣሳ ይዛ ቀረበችው።

«ጉዳቱ እኮ ምንም አይደለም፣ ልጄ» አለችው።

ደሳለኝ ኮፍያውን አወለቀ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አለ። ጠላውን ቆሞ ጠጣው። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። እኔ አካሄዱን አይቼ ተከተልሁት።

ከከብቱ በረት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቢሮ ያሉትን ነገረኝ። ጉዳት ገማች ከባሕር ዳር ትመጣለች፤ እስክታይ ድረስ አንድ ቅጠል እንኳ ከመኪናው ላይ እንዳይነሳ ብለውታል። የተነካካ መኪና አይከፈልለትም ብለውታል።

«ታዲያ ምነው አልተናገርህ?» አልሁት።

«ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አለ።

እናቴ የሚላት ትርንጎን ነው። ልጃችንን ካገባ ጀምሮ ትርንጎን ቀና ብሎ አይቷት አያውቅም። ስትሰጠው ይበላል፣ ስትጠራው ይቆማል። አይሆንም የሚል ቃል ለእሷ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አማት እንዲህ ነው የምትከበረው። ያን ሁሉ ሰው ጠርታ ያን ሁሉ ሥራ ካሠራች በኋላ አበላሹብኝ ሊላት አይችልም። እኔም እንዳትሰማ አልሁ። በዚሁ ተስማማን።

ጌጡ ግን ሰማ። መቼም ከእሱ የሚደበቅ ነገር የለም። በማግስቱ መዶሻውን ይዞ መጣ።

«አያ ይሻው፣ ያቀናሁትን ማጉበጥ አይከብደኝም» አለኝ። ከጓሮው አንድ ባሕር ዛፍ ቆርጠን እላይዋ እንጋድም፣ ገማቿ መጥታ ታያለች፣ ውሸትም አይደለም፣ ዛፍ ወድቋል አይደል ወይ አለ። ደሳለኝ እኔን አየ። የሚከራከር ሰው ፊት አልነበረውም፤ እኔ እሺ ብል እሱም እሺ ይል ነበር።

«እግዜር የጣለውን አይተናል» አልሁ። «እኛ ሌላ አንጥልም።»

ጌጡ አልተቀየመም። እንግዲያስ ሥራ ፈታሁ ብሎ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ገማቿ ቶሎ አልመጣችም። ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ ተዘግቶ ነበር። ሚኒባሷ በመስታወቱ ፋንታ ላስቲክ ተወጥሮባት ቆመች። ደሳለኝ አልሠራም። መተማ ላለ ጓደኛው በገነት ስልክ ደወለ። ገነት ልብሱን አጥባ አጣጥፋ ለብቻው አስቀመጠች፤ ለምን እንደሆነ አንዳቸውም አልተናገሩም። ምግብ ቀነሰ። ትርንጎ ልጁ ምን ሆኗል አለችኝ። ጥርሱን ነው አልኋት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ፣ ጥርስህ ላይ ያዝ ብላ ሰጠችው። ያዘ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ያዘ። በየማለዳው ትሰጠዋለች፣ በየማለዳው ይይዛል።

መንገዱ ሲከፈት ገማቿ መጣች። ስሟ ሊድያ ነው። ወጣት ነች፤ ሱሪ ለብሳ፣ ሜትር በኪሷ ይዛ መጣች። ሰላምታዋ ጥሩ ነበር፤ አባቴ ብላ ጎንበስ አለችልኝ። ሚኒባሷን ከፊት ከኋላ አየች። ከሥር ገብታ አየች። ጣሪያውን መዶሻ ካረፈበት እስካላረፈበት በጣቷ አንኳኳች። ማን መታው አለች። ደሳለኝ የሆነውን ሁሉ ነገራት፤ አንድም አልጨመረም። እያዳመጠች ራሷን ትነቀንቃለች።

«አምንሃለሁ» አለችው። «የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው። ተገልብጦ የተቀጠቀጠ መኪናም ይህን ይመስላል።»

ዛፉ የተሰበረበትን ጉቶ አሳየኋት። ከካቡ በላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ዛፍ መውደቁን ጉቶው ይነግረኛል፣ በምን ላይ እንደወደቀ ግን አይነግረኝም አለች። ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው አልሁ። አውቃለሁ፣ ግን ምስክሩ ሁሉ ጎረቤት ነው አለች። በክፋት አልነበረም። ሥራዋ ነው።

ደሳለኝ ወደ መሬት አየ። ሊድያ ሜትሯን ጠቀለለች።

«ዛፉ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለች። «አሁን ማገዶ ሆኗል።»

ትርንጎ ከበሩ ቆማ ትሰማ እንደነበር አላየሁም። እኔ ብዙ ነገር አያለሁ፤ እሷን ግን አላየሁም። ወደ መንገዱ ወረደች።

«የታቦት ዛፍ ማን ያነድዳል?» አለች።

እውነቷን ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር የወደቀ እንጨት በእኛ አገር ከማንም ምድጃ አይገባም። ለቅጥሩ አጥር ይሆናል፣ ለንግሥ ንፍሮ ይነድዳል፤ ቤቱ አንድ ጭራሮ የሚወስድ የለም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ግን እኔም ደሳለኝም ዛፉ ተቆራርጧል፣ አለቀ ብለን ትተነው ነበር። የተቆራረጠ እንጨት ይመሰክራል ብሎ ማን ያስባል?

«የት ነው ያለው፣ እናቴ?» አለች ሊድያ።

«ቤቱ፣ ከቅጥሩ ውስጥ ነዋ። እስከ ቅጠሉ ያሸከምሁት እኔ ነኝ።»

ሊድያ ወደ ሱሪዋ አየች፤ እንዲህ ሆኜ መግባት እችላለሁ ወይ አለች። ትርንጎ ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አሸረጠችላት። ከደጀ ሰላሙ ቄሰ ገበዙ ተቀበሉን፤ የመጣንበትን ነገርናቸው። ማየት ይቻላል፣ ማውጣት ግን አይቻልም አሉ።

እንጨቱ ከቅጥሩ ጥግ እንደተከመረ ነው። ቅርንጫፉ ለብቻ፣ ግንዱ ለብቻ። ጥራጊው እንኳ ተለይቶ ተቀምጧል፤ ከደረቀው ቅጠል መካከል የመስታወቱ ስብርባሪ ያብለጨልጫል። ደሳለኝ ግንዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠ። ወፍራሙን ሲያዞረው ቆመ። ልጡ ላይ የሚኒባሷ ነጭና ሰማያዊ ቀለም እንደተለቀለቀ አለ። ጣሪያዋ ላይ ዕቃ የሚታሰርበት ብረት ነበራት፤ ከዚያ ብረት አንድ ቁራጭ ከጉጡ ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል። በእጁ ሊነቅለው ሞከረ፤ አልተነቀነቀም።

ሊድያ አትንካው አለችው። አሁን ነው እንዲህ ማለት የሚቻለው። ፎቶ አነሳች። የግንዱን ውፍረት ለካች። ተመልሳ ወጥታ ከበሩ በላይ የጌጡ መዶሻ ያልደረሰበትን ጉድጓድ ለካች። የብረቱን ስብራት ከመኪናዋ ላይ ከቀረው ጋር በፎቶው አስተያየች። ከዚያ ደሳለኝን ይህን ቀደም ብለህ ብታሳየኝ ምን ነበረበት አለችው፤ ሳቀች። ይከፈላል ብዬ እጽፋለሁ አለች። ጣሪያው ግን አይቀየርም፣ ጥሩ ተቃንቷል፣ ቀለም ይበቃዋል አለች።

ጌጡ ይህን ከሰማ ወዲህ እጄን ኢንሹራንስ አጽድቆታል እያለ በየጠላ ቤቱ ይናገራል።

ሊድያ ከሄደች በኋላ ትርንጎ ደሳለኝ ፊት ቆመች። ሁሉም ነገር ገብቷታል።

«ጥርስህን አሞህ አያውቅም?»

«አያውቅም፣ እናቴ።»

«ያን ሁሉ ሽንኩርት!» አለች። በዚያው ቀን ብትነግረኝ በዚያው ቀን እንጨቱን አሳይህ ነበር አለችው። እኔንም አየችኝ። አንተስ ምን ሆነህ ነው አላለችኝም፤ አስተያየቷ ይበቃ ነበር። ገነት የታጠፈውን ልብስ ወደ ሣጥኑ መለሰች።

ጋራዡ ከተማ ውስጥ ነው። በሩ ተቀየረ፣ መስታወቱ ገባ፣ የጣሪያው ብረት ተበየደ፣ ቀለም ተቀባ። መስታወቱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሐምሌ ገባ። ከጋራዥ በወጣች በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወደ ሐሙሲት ስትሄድ እኔና ትርንጎ ከፊት ተቀመጥን። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። በጌጡ መዶሻ በተመታው በኩል የዝናቡ ድምፅ ይለያል፤ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ይሰማል። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ቀና ብለው አዩ። ደሳለኝ የአማቴ ደቦ ነው አላቸው።

ትርንጎ ወደ መስኮቱ እያየች ተናገረች።

«ከእንግዲህ ዛፍ ቢወድቅብህ ቁጭ ብዬ አያለሁ እንጂ አልነካም።»

«አይሆንም፣ እናቴ» አለ ደሳለኝ። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። «ይንኩ። መጀመሪያ ግን ፎቶ ያስነሱልኝ።»

አይሆንም ሲላት ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁት፤ ትስቅ ነበር።