ዳገት ላይ የበሰለ የእሑድ ጥብስ

«ሥጋው የት አለ?» ያለችው እናቱ ነበረች፤ ይህን ሮስ አይረሳውም። አባቱም መሪውን እንደጨበጠ «ከእግርሽ ሥር» አላት። ከዚያ ወዲያ ያለው ብጥስጣሽ ነው። እናቱ ሳቀች። አባቱ ስለ ሽቦ አንድ ነገር ተናገረ፤ «ቆይ፣ ዳገቱን እንውጣና» ያለም ይመስለዋል። ሮስ ያኔ ልጅ ነው፤ ከኋላ ወንበር ተጋድሞ፣ የተኛ መስሎ፣ የትልልቆቹን ወሬ ይለቅማል። ወሬው ሳያልቅ እውነተኛው እንቅልፍ ቀደመውና ሲነቃ ቤት ደርሰዋል። ሥጋ ነበረ ወይስ የባልና ሚስት ቀልድ? እጠይቃቸዋለሁ ሲል ዓመት ዓመትን እየወለደ ሁለቱም አረፉ፤ ነገሩም እንዲሁ ቀረ።

አሁን ሮስ ራሱ ከባቡር ነጂነት ጡረታ የወጣ፣ ሲነሳ ጉልበቱ የሚንቋቋ ሰው ነው። ምኞቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሚስቱን ኖሊንን ይዞ በቤት መኪና አውስትራሊያን ዙሪያዋን መዞር። መኪናዋን ገዝቷል። አልጋዋ ከኋላ፣ መታጠቢያዋ ከመሃል፣ ሞተሯ በሾፌሩና ከጎኑ ባለው ወንበር መካከል በክዳን ሥር የተቀመጠ፣ አሮጌ ግን ጨዋ መኪና ናት። የቀረው ኖሊንን ማሳመን ነው፤ እሱ ደግሞ ከግዢው ይከብዳል።

«ለኔ ቤት ማለት ምድጃ ነው» አለችው አንድ ቀን፣ የበግ ታፋ ከምድጃዋ እያወጣች። «እሑድ ጥብሴን ካልበላሁ ሳምንቱ አይጀምርልኝም። እስቲ በዚያች ቆርቆሮ ውስጥ አንድ እሑድ፣ አንድ የደንቡን ጥብስ አብላኝ። የበግ ሥጋ፣ ድንቹ ከውጭ ኩርሽም የሚል፣ ከውስጥ የሚቀልጥ። ከቻልክ ቤቱን ለእህቴ ልጅ ትቼ ዓመቱን ሙሉ እዞርልሃለሁ።»

«ካልቻልኩስ?»

«መኪናዋን ትሸጣታለህ።»

«ዳኛው ማነው?»

«ሆዴ» አለች ኖሊን፣ መረቁን እያማሰለች።

ሮስ በማግስቱ የጉዞ ዕቃ መደብር ገባ። ፍርሃት የያዘው ሰው ገበያ አይውጣ! ፍም ከክዳኑ ላይ የሚከመርበት ወፍራም የብረት ድስት ገዛ። ጠዋት አንዴ ካፈሉት በኋላ በያዘው ሙቀት እስከ ማታ የሚያበስል ሌላ ድስት ገዛ። ሁለት ቁራጭ ዳቦ መካከል እንቁላል ቆልፎ እሳት ውስጥ የሚገባ፣ እጀታው የአካፋ ያህል የሚረዝም ብረት ገዛ። በባትሪ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛ። በመጨረሻም የዓይኑ ብሌን የሆነችውን ኤር ፍራየር ታቅፎ እንደ አራስ ልጅ ወደ ቤት አመጣት።

«ዘይት የላት፣ ጭስ የላት፣ በትኩስ ነፋስ ብቻ ነው የምትጠብሰው!»

«በነፋስ?» አለች ኖሊን። «እንዲያማ ከሆነ አንተ ስታወራ ስንት በግ በጠበስክ ነበር።»

ቅዳሜ ወደ ፍሊንደርስ ተራሮች ሲነሱ ፖርት ኦገስታ ከተማ የመኪና ሚዛን ላይ ወጡ። ሚዛን ጠባቂው በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ «ወንድሜ፣ ውስጥ ያለው ባቡር ነው?» አለ። ከሕጉ በላይ ከብዳለች። አንድ ነገር መውረድ አለበት።

«ያቺ ነፋሻ ትውረድ» አለች ኖሊን።

«እሷስ አትነካም!» ሮስ ደረቱን ነፋ። «የምድጃው ጋዝ ይውረድ። ሁለቱም ሲሊንደሮች። ዘመኑ የፀሐይ ነው፣ የኔ ፍቅር። ጣሪያችን ላይ ሶላር አለ፣ ሥሩ ባትሪ አለ። ጋዝ የአያቶቻችን ነው።»

«አያቶቻችን ግን በልተው ነው የሚያድሩት» አለች። ሲሊንደሮቹ እዚያው ከተማ ባለችው እህቷ በረንዳ ላይ ቀሩ።

የቤት መኪኖች የሚያድሩበት ካምፕ የደረሱት ወደ አመሻሹ ነው፤ የየመኪናው ሰው ተጣጣፊ ወንበሩን፣ መጠጡንና ወሬውን ይዞ ክብ በሚሠራበት ሰዓት። ጎረቤታቸው ዳፍኒ የምትባል፣ ባርኔጣዋ ከትከሻዋ የሚሰፋ ሳቂታ አሮጊት ነበረች። «ምን ምን ይዘሃል?» ብላ ጠየቀችው። ለሮስ ይህ ጥያቄ ግብዣ ነው። ኤር ፍራየሯን አወጣና ለካምፑ ሁሉ ድንች ጠበሰ። ደግሞ ጠበሰ። በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ቂጣ ጋገረ፤ ቂጣው ሲወደድለት ሻይ አፈላ። ሰው አጨበጨበ። ዳፍኒ «አንቺ፣ ይሄን ሰውዬ ከየት አገኘሽው?» ስትል ኖሊን «ቀስ በይ፣ እሑድ ገና ነው» አለቻት። ሁለተኛውን ሻይ ሊያፈላ ሲል ከመኪናዋ ሆድ «ጢጥ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ መብራቱ ሁሉ ጠፋ። የመብራቱና የማብሰያው ባትሪ አልቋል፤ የቀረው ሞተሩን የሚያስነሳው ብቻ ነው።

«ነገ ፀሐይ ትሞላዋለች» አለ ሮስ።

ነገ ፀሐይ አልነበረችም። ሌሊቱን የተነሳው የሰሜን ነፋስ ቀይ አቧራ ይዞ መጥቶ ሰማዩን የሸክላ ቀለም አድርጎታል። ካምፑ በር ላይም ጠባቂው ሰሌዳ ሰቀለ፤ በዚህ ነፋስ ሜዳ ላይ ፍም ቀርቶ ክብሪት መጫር ክልክል ነው። የብረት ድስቱ ድንጋይ ሆነ። ሙቀት የሚይዘው ድስትም መጀመሪያ የሚያፈላው ካላገኘ ምኑን ይያዝ? ባለ ረጅም እጀታው ብረት ለጀርባ ማከኪያ እንኳ ከበደ። ያ ሁሉ የማብሰያ ዕቃ ተደርድሮ፣ አንድ እንቁላል የሚቀቅል ጠፋ።

ዳፍኒ አዝና መጣች። «መኪናዬ ውስጥ ጋዝ አለ፤ ሥጋህን አምጣውና እዚያ እንጥበሰው።»

«አይሆንም!» አለች ኖሊን። «የጎረቤት ምድጃ አይቆጠርም። ቃላችን በዚህች ቆርቆሮ ነው።» የጉዞ ካርታውን ማጠፍ ጀመረች፤ ስታጥፈውም እየዘፈነች ነበር።

ሮስ ሾፌሩ ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ያቺ መኪና ልትሸጥ ነው። በብስጭት መሪውን መታ፤ ክርኑም ጎን ካለው የሞተር ክዳን ጋር ተጋጨ። የሞተር ክዳን! ከሚስቱ እግር አጠገብ ያለ! ያ የልጅነት ወሬ ከስንት ዘመን በኋላ ጆሮው ውስጥ ተነሳ። ከእግርሽ ሥር። ሽቦ። ዳገቱን እንውጣና።

«ኖሊን! ፎይል አለን?»

«ምን ልትጠቀልል? ኀፍረትህን?»

የበጉን ታፋ ካጥንቱ ለይቶ በስሱ ቆራረጠው። ጨውና የጥብስ ቅጠል ነሰነሰበት። ድንቹን በቅቤ አሽቶ ለብቻው፣ ሥጋውን ለብቻው በብርማው ፎይል ደጋግሞ ጠቀለለ። ክዳኑን ከፍቶ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ የሚነሳበት፣ ብረቱ ክፉኛ የሚግልበት ቦታ ላይ አስቀመጣቸውና በሽቦ አሰራቸው። ኖሊን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው። «አብደሃል» አለችና ገባች፤ እብደት ሲጀመር ተነስቶ መሄድ አይሆንላትም።

ነዱ። ከካምፑ ቅርብ ወዳለች ትንሽ ከተማ፣ ከከተማዋ ወደ ካምፑ። ለጊዜው የሚሸተው ዘይትና አቧራ ነበር። ቀጥሎ የጥብስ ቅጠል ሽታ በክዳኑ ጠርዝ ሾልኮ መጣ። ኖሊን መስኮት ልትከፍት የዘረጋችውን እጅ መለሰችው። ካምፑ በር አጠገብ ቆመው ሲከፍቱት ሥጋው አመድማ፣ ድንቹ ጠጠር ነው። ሮስ አንገቱን ደፋ።

«እንግዲህ ተሸነፍኩ።»

ኖሊን ድንቹን በሹካ ወጋችና አሰበች። ጥብስ ፊቷ ላይ ጥሬ ሆኖ ሲቀርብ ፍርድና ክርክር ሁሉ የሚጠፋት ሴት ናት። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ መንገድ እኮ ሜዳ ነው! ሞተሩ መች ለፋ? ያልለፋ ሞተር አይግልም። ገልብጠህ እሰረው። ዳገት ውሰደኝ!»

ዳገቱን ወጡ። ወረዱና ደግመው ወጡ። ኢሙ የሚባሉት ሰጎን መሳይ ወፎች አንገታቸውን አስረዝመው አዩአቸው። መኪናዋ አቃሰተች፤ ፎይሉ ውስጥ ቅቤው ቸስ ማለት ጀመረ፤ ኖሊን ጆሮዋን ክዳኑ ላይ ለጥፋ «ይጮሃል! ይጮሃል!» እያለች እግሯን ትመታለች። በካምፑ ባለፉ ቁጥር ሰዎቹ ወንበራቸውን ይበልጥ ወደ መንገዱ አስጠግተው ይጠብቋቸዋል። ዳፍኒ ባዶ ሳህን እያውለበለበች «ደረሰ?» ትላለች፤ ኖሊን በመስኮት ብቅ ብላ «ገና ነው! አንድ ዳገት ቀርቶታል!» ብላ ትመልሳለች። ሮስ ማርሽ ሲቀንስ በልቡ «ጌታ ሆይ፣ ባሕር ክፈልልኝ አላልኩህም፤ ድንች ብቻ አብስልልኝ» አለ።

አናት ላይ ሲደርሱ ነፋሱ በርዶ አቧራው ተገፏል፤ ቀያዮቹ ተራሮች ከታች እስከ ሰማይ ጫፍ ተዘርግተዋል። ኖሊን ግን ተራራ አላየችም። ፎይሉን በሁለት ጣቷ እየተቃጠለች ፈታችው። ሥጋው ቡናማ ሆኖ በራሱ መረቅ ይዋኛል። ድንቹ ብረቱን በነካበት በኩል ወርቅ ለብሷል። እንደ እሑድ ደንቧ ዓይኗን ጨፍና አጭር ምስጋናዋን አደረሰች፤ ሮስም «አሜን» ያለው ከሌላው ጊዜ ጠንከር አድርጎ ነው። ከዚያ ነከሰችው።

ኩርሽም።

ሮስ ወደ እሷ ተጠጋ። «ዳኛው ምን አለ?»

ኖሊን አኘከች። ሁለተኛውን አነሳች። «እኔ እናቴን እንዲህ ብዬ ብነግራት ውሸታም ትለኝ ነበር» አለች።

«የኔ እናትማ አትልሽም» አለ ሮስ፤ ሳቁ እንባ ቀላቅሎ መጣበት። ከዚያም የኋላ ወንበሩን ወሬ ነገራት፤ ይህን ሁሉ ዘመን ጥያቄ ሆኖ የኖረው ሥጋ እውነት ሥጋ ሆኖ በጉንጩ ውስጥ ነበር።

ኖሊን ጣቶቿን ላሰች። «ጋዙ ይመለሳል።»

«ይመለሳል።»

«የብረት ድስቱ ይቆይ፤ ነፋስ በሌለበት ቀን ይሆነናል። ያቺን ነፋሻ ግን ለዳፍኒ ትሰጣታለህ።»

ሮስ አንድ ድንች አነሳ። «እሺ፣ እሰጣታለሁ።»

ኖሊን ባዶ ሳህን ይዛ ለምትጠብቀው ለዳፍኒ ድርሻዋን በፎይሉ መልሳ ጠቀለለችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያም ካርታውን ከመኪናዋ በር ኪስ አውጥታ ዘረጋችው፤ ቅባት ባለበት ጣቷ ከፊታቸው ያለውን ተራራ፣ ከዚያ ባሻገር ያለውን፣ ከዚያም ባሻገር ያለውን ነካካች።

«ነገ ለእህቴ ልጅ ደውዬ የቤቱን ቁልፍ እሰጣታለሁ» አለች። «ዓመቱን አብሬህ እዞራለሁ። የእሑድ የእሑዱን መንገድ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ዳገት ያለበትን።»