ደረቅ ዱዓ

የአባቴ ምርቃት እርጥብ ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ መንገድ የሚሄድ፣ ልጁን የሚድር፣ ፈተና የሚቀመጥ ሁሉ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ደጃችን ይመጣል። አባቴ አብደላ ዱዓቸውን ያደርጉና መዳፋቸው ላይ እንትፍ ብለው የተመራቂውን ግንባር ያብሳሉ። ያ ካልሆነ ማንም ተመረቅሁ አይልም። እኔም ደሴ ተምሬ የጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ባለሙያ የሆንሁት በዚያው እንትፍታ ነው፤ ስለዚህ ምራቅ ንቄ አላውቅም።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ አምባሰል ሲቃረብ የክተት ጥሪ ተለፈፈ። ወንድሜ ኡበይድ ባጃጁን አቁሞ ተመዘገበ። በዚያው ሳምንት አባቴን ሳልና ትኩሳት ያዛቸው። ጦርነቱ አስረሳን እንጂ ኮሮናም ሰው እየወሰደ ነበር። ናሙና ወስጄ ለምርመራ ደሴ ላክሁና፣ ውጤቱ እስኪመጣ ከጓዳ እንዳይወጡ፣ ማንንም እንትፍ እንዳይሉ ነገርኋቸው።

"ልጄን ሳልመርቅ ልስደደው?" አሉኝ።

"በቃል ይመርቁት።"

ስቆጣ ማስተማር እወዳለሁ፤ መጥፎ አመሌ ነው። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ በሩ ላይ ቆምሁና ጀመርሁ።

"አብዬ፣ ቫይረስ ከሰው ሲወጣ ራቁቱን አይደለም። ከምራቁም ከአክታውም ከደሙም ያገኘውን ፕሮቲን ይለብሳል። ልብሱ አንዳንዴ ሌላ ሰው ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ራሱ በር ይከፍትለታል። ያው አንዱ ቫይረስ እንደለበሰው ይለያያል።"

እስክጨርስ ሰሙኝና ጠየቁ። "የኔ ምራቅሳ ምን ያለብሰዋል?"

"አላውቅም።"

"የማታውቂውን ነው እንዴ የምትከለክይኝ?"

"ስለማላውቀው ነው።"

በሦስተኛው ቀን ኡበይድ ከጓደኛው ከታረቀኝ ጋር ሊሰናበት መጣ። ታረቀኝን እናቱ የሺሀረግ በጧት ሐይቅ እስጢፋኖስ ልካ ጸበል አስረጭታዋለች፤ የአባቴ ሳይጨመርበት ግን አይሄድም ብላ ይዛው መጣች። ሁለቱ ግቢው መሃል ተንበረከኩ። አባቴ ከጓዳው በር ቆሙ፤ እኔ በመካከል።

"አላህ ይመልሳችሁ። ጥይቱ ይሳታችሁ። የወጣችሁበት ደጅ ይቀበላችሁ" እያሉ ረጅም ዱዓ አደረጉ። መጨረሻው ላይ መዳፋቸው እንደ ልማዷ ወደ አፋቸው ወጣች። አፍጥጬ አየኋቸው። መልሰው አወረዷትና ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጓት።

ኡበይድ ሳቀ። "ሰሚሃ፣ አንቺ ደረቅ ዱዓ አስይዘሽ ሰደድሽኝ። ግዴለም፣ እርጥቡን ስመለስ እቀበላለሁ።"

"ተመለስ እንጂ በባልዲ ይሁንልህ!" አልሁት። ለወንድሜ የተናገርሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

በማግሥቱ ከደሴ ተደወለልኝ። ኔጌቲቭ። አባቴ ኮሮና አልነበረባቸውም፤ የክረምት ጉንፋን ነው። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ወዲያው አፈርሁ። ኡበይድ ጋ ብደውል ስልኩ አይሠራም። ለአባቴ ብነግራቸው ልጃቸውን በከንቱ ደረቁን እንደሸኙት ሊያውቁ ነው። ኡበይድ ሲመጣ እናገራለሁ፣ ያኔ ሁለቱም ይቆጡኛል፣ ያኔ እንስቃለን ብዬ ያዝሁት። ሲጠይቁኝ "ገና አልመጣም" እላቸው ነበር። ሳሉም ተዋቸው፤ መጠየቁንም ተዉት።

በመስከረም መጨረሻ ታረቀኝ ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ብቻውን ተመለሰ። ኡበይድ ከውጫሌ በላይ ካለው ዳገት ቀርቷል። የቀበረውም እሱ ነው፤ በአንድ እጁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ አባቴ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ያ የደሴው ምርመራ ምን አለ? በሽታው ነበረብኝ?"

አፌን ከፈትሁ። ያ ውጤት የመጣ ዕለት ምሥራች ነበር። አንድ ፊደል እንኳ አልተለወጠም፤ አሁን ግን የልጃቸውን ሞት ለብሶ ነው ምላሴ ላይ ያለው።

መልሴን ሳይጠብቁ ቀጠሉ። "ግንባሩን ሳልነካው ሄደ፤ እሱ ይበላኛል። ከዚያ ደግሞ፣ በሽታው ከነበረብኝ፣ ብነካው ኖሮ እዚያ ዳገት ላይ በኔ ምራቅ ትንፋሽ አጥሮት ይሞት ነበር እላለሁ። ጥይት የጠላት ነው ልጄ። ከኔ እጅ ቢሆን በምን እችለው ነበር? አንቺ ነሽ ከዚያ ያወጣሽኝ። ነበረብኝ፣ አይደል?"

ዓይናቸውን አየሁ። በሕይወቴ እንዲህ የፈራሁበት ቀን የለም።

"ነበረብዎ፣ አብዬ።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። ትከሻቸው ወረድ አለ። ከሞቱ ወሬ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። "አሁንሳ ድኛለሁ?"

"ድነዋል።"

"እንግዲያ ነይ። እውነቱን የማትደብቅ ልጅ አላህ ሰጥቶኛል።"

መዳፋቸው ላይ እንትፍ አሉና ግንባሬን አበሱኝ። አልሸሸሁም፤ አልጠረግሁትምም። ለወንድሜ የቀረው እርጥብ ምርቃት የኔ ግንባር ላይ ደረቀ።