ተራ ቁጥር አንድ

ስታቲስቲክስ የሚባለውን ኮርስ አስራ ሦስት ቅዳሜ ተምሬ አስራ ሦስቱንም ቀርተሻል ተባልኩ። አንዱን ቢሉኝ ምናልባት ራሴን እጠራጠር ነበር። ሁለቱን ቢሉኝ ልጄን እጠይቃት ነበር፤ እሷ መውጣት መግባቴን ከእኔ በላይ ታውቃለች። አስራ ሦስቱንም ግን! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጥርሴን ተነቅዬ ጉንጬ እንደ ኳስ ባበጠበት ቅዳሜ እንኳ በሻርፕ ተሸፋፍኜ ፊት ወንበር ላይ ነበርኩ።

የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ስም ስጠራ ለኖርኩ ሰው ስለ መቅረት የሚሰብክ ሲመጣብኝ ደሜ ይፈላል። ዲግሪዬን በቅዳሜ ትምህርት ስድስት ዓመት ጎትቼዋለሁ፤ የቀረኝ ይኸው አንድ ኮርስ ነው። የቅዳሜው ፕሮግራም ደግሞ ዘንድሮ ይዘጋል። ይህን ኮርስ ካልጨረስኩ ከእንግዲህ የሚያስተምረኝም የሚመዘግበኝም የለም፤ ስድስቱን ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው።

መልእክቱ ስልኬ ላይ የገባው ሐሙስ ነው። "የተገኙት ከመቶ ሰማንያ አምስት በታች ስለሆነ ለማጠቃለያ ፈተና አይቀመጡም። እስከ ነገ አስራ አንድ ሰዓት ኮርሱን ካላቋረጡ ኤፍ ይመዘገብብዎታል" ይላል። ዓርብ ከትምህርት ቤቴ አስፈቅጄ ወጣሁ። አለመቅረቴን ለማስረዳት ከሥራዬ ቀረሁ እንግዲህ።

ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ያለው መዝጋቢ ወጣት ነው። ቢበዛ በአስር ዓመት ብበልጠው ነው፤ እሱ ግን "እናቴ" ይለኛል።

"እናቴ፣ ሲስተሙ አስራ ሦስት ቀሪ ነው የሚለው።"

"የአጋማሹን ፈተና ከሠላሳ ሃያ ስድስት አግኝቻለሁ። ቀርቼ ነው ያገኘሁት?"

"ውጤት ሌላ ገጽ ላይ ነው። ይሄ የክትትል ገጽ ነው።"

"ሁለቱ ገጾች አይተዋወቁም?"

"አይተዋወቁም" አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ከመሳቢያው የኮርስ ማቋረጫ ቅጽ አወጣና በመስኮቱ ሥር ገፋልኝ። "ይልቅ ይሄን ይሙሉ። ኤፍ ከሚሆንብዎ ማቋረጥ ይሻላል።"

ቅጹ ላይ ከፊርማው ቦታ በላይ "በራሴ ፈቃድ" የሚል ታትሟል። በራሴ ፈቃድ! ሰውን ገደል አፋፍ አቁመው፣ ፈቅጄ ዘለልኩ ብለህ ፈርም ይሉታል። ቅጹን መልሼ ገፋሁለትና ወደ መምህሩ ሄድኩ።

መምህሩ ያለው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩም እንደ እኔ ቀሪ ነው። ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። "እኔ ዝርዝሩን አስፈርሜ ለጸሐፊዋ አስረክባለሁ። ቀሪ ያደረገሽ ሬጅስትራር ነው" አለኝ። ወረድኩ። መዝጋቢው፣ "ቀሪ ያሉዎት መምህሩ ናቸው" አለኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! እንደገና ወጣሁ። መምህሩ ሁለት መቶ ተማሪ እንዳለው፣ የሰው መልክ እንደማይያዝለት፣ ማስረጃ ማለት ፊርማ እንደሆነ ነገረኝ። ጉልበቴን እየረገምኩ ወረድኩ።

"ፊርማዬስ?" አልኩት መዝጋቢውን። "ፊርማዬ አለ ወይስ የለም?"

ኮምፒዩተሩን አየ። "ፊርማ አለ።"

"ተመስገን! ታዲያ?"

"ፊርማ አለ፤ ምርመራ የሚለው ቦታ ላይ ደግሞ ቀሪ ተብሏል። እንግዲህ መምህሩ ቀሪ እያሉ ፊርማ ከተገኘ…" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሌላ ሰው እየፈረመልዎ ነበር ማለት ነው። ይሄ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚሄደው፣ እናቴ። ነገሩን ሳያካብዱ በሰላም ያቋርጡ።"

ሳልቀር ቀሪ፣ ቀጥሎ ደግሞ አጭበርባሪ። ቆሽቴ አረረ። መስኮቱ መስታወት ባይሆን ኖሮ ያን ቀን በእርግጥ ለዲሲፕሊን እሄድ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ አስር ተኩል ሊሆን ነው። ወረቀቱን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም ብዬ ወደ ትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሮጥኩ።

ጸሐፊዋ የእኔ እኩያ ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ችግሬን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች፣ ፋይሉን አወጣችና ገለጠችልኝ። ስሜ በሀ ስለሚጀምር ተራ ቁጥር አንድ ነኝ። ፊርማዬ ራሱ ነው። ከጎኑ፣ ምርመራ ከሚለው ሥር፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፦ ቀሪ። ገለጥኩ፤ ቀሪ። አስራ ሦስቱም ገጽ ላይ ቀሪ።

"ይሄን ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ ነኛ" አለች፣ ኮራ ብላ።

"ምን አድርጌሽ ነው፣ እህቴ?"

"ምን ታደርጊኛለሽ? ቅጂ ነዋ! ዋናው ለመምህሩ ይመለሳል፣ ቀሪው ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ቀሪ ላይ ቀሪ ካልጻፍኩ ምን ልጻፍ?"

ጣቴን ስሜ ላይ አሳረፍኩላት። እሷም መልሳ ወረቀቱን አየች። ዝርዝሩ ከወረቀቱ አናት ነው የሚጀምረው፤ ለሌላ ጽሑፍ የተተወ ባዶ ቦታ የለውም። የፋይል ቅጂ መሆኑን ለማመልከት ጥጉ ላይ የምትጽፈው ቃል የሚያርፈው የእኔ ስም ትይዩ ነው። መዝጋቢው ደግሞ ዋናውን ማን አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ያመጣል ብሎ ወደ ኮምፒዩተር የሚገለብጠው ከዚሁ ፋይል ነው። አፏን በእጇ ያዘች።

"ውይ በሞትኩት" አለችና ፋይሉን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ተነሣች። ዋናዎቹን ከመምህሩ መሳቢያ አወጣቻቸው፤ አስራ ሦስቱም ንጹሕ ናቸው። ደረጃውን እየተደጋገፍን ወረድን። ለመዝጋቢው ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ አሳየችው። አየ፣ ጆሮው ቀላ፣ ጻፈ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። "ተስተካክሏል፣ እናቴ። ለፈተናው ይቀመጣሉ" አለኝ። ይቅርታ የሚባለውም የሚኖረው ሌላ ገጽ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ለአንድ አፍታም ደስ አለኝ። ከዚያ ግን አስተማሪ ነኝና መጠየቅ አልተውም። "እንዲህ ስትጽፊ ስንት ጊዜሽ ነው?" አልኳት።

"ከተቀጠርኩ አራት ዓመቴ። ሁሌም እንደዚሁ ነው።"

"ወደ ሲስተም ማስገባት የጀመርነው ግን አምና ነው" አለ መዝጋቢው፣ ለማጽናናት ይመስል።

"አምና የዚሁ ትምህርት ክፍል ኮርስ ነበረን። እስቲ ተራ ቁጥር አንድን እይልኝ።"

መፈለጉን ተያያዘው። እኔ ግን መልሱን ሳልጠብቅ ታወሰኝ። አምና ተራ ቁጥር ሁለት ነበርኩ። ከእኔ በላይ የነበረችው መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀጭኗ እያልን የምንጠራት ልጅ ናት።

"በራሷ ፈቃድ አቋርጣለች ይላል" አለ።

ቀጭኗ ያኔ ኮሪደር ላይ እያለቀሰች እጄን ይዛኝ ነበር። "እትዬ፣ አልቀረሁም፤ አንቺ መስክሪልኝ፤ አጭበርብረሻል እያሉኝ ነው" ብላኝ ነበር። እኔ ፊት ነው የምቀመጠው፣ እሷ ከኋላ፤ ዞሬ አይቻት አላውቅም። ያልኳት ትዝ ሲለኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። "ልጄ፣ ሃያ ዓመት ስም ጠርቻለሁ። ቀሪ የተባለ ሁሉ አልቀረሁም ነው የሚለው" ነው ያልኳት። በማግስቱ ፈረመች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ጨርሶ ተወችው። አሁን ፕሮግራሙ ሊዘጋ ነው፣ ብትመለስም የምትገባበት ክፍል የለም።

ስልኳ አልጠፋብኝም። ግቢው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ከኋላዋ የደንበኞች ድምፅ ይሰማል። ስለ ጸሐፊዋም፣ ስለ ቅጂውም፣ ስለ ሰማያዊው ቀለምም እየተንተባተብኩ ነገርኳት። በመጨረሻም፣ "አልቀረሽም ነበር እኮ፣ ልጄ" አልኳት።

"እሱንማ እኔ አውቃለሁ፣ እትዬ" አለችኝ። "ያላወቅሽው አንቺ ነሽ።"