በራሱ የሚበራው ቴሌቪዥን

ነቀምቴ ውስጥ መብራት ብልጭ ካለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ሶኬት ለመንቀል ነው። እኔ ጥገና ላይ የምውል ሰው ነኝና ይሄ ልማድ ያናድደኛል። ኦቦ ኢስማኢል ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። በከኒሳ ቀሴ የሚባለው ሰፈር ቤታቸው ድረስ ያስጠሩኝ ቴሌቪዥኑ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው።

«ዜና እያየን ወደ ጌሙ ይዞራል። አጥፍተነውም በራሱ ይበራል። ቤት ሳያቃጥል ብዬ እነቅለዋለሁ፤ እሷ መልሳ ትሰካዋለች» አሉ፣ ወደ ባለቤታቸው ወደ ሀያት እያዩ።

«የልጄ ነዋ! ይሰካ ምናለበት?» አሉ ሀያት።

ጌሙ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ሶኬት የተሰካው መጫወቻ፣ የልጃቸው የካሊድ ነው። ካሊድ ከአባቱ ተጣልቶ፣ ሳይሰናበት ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ የድሮ ቁጥሩም አይሠራም። ይኑር ይሙት የሚያውቅ የለም።

ችግሩ ቀላል መሰለኝ። ጌሙ ሲነቃ ቴሌቪዥኑን በገመዱ በኩል ይቀሰቅሰዋል፣ ወደ ራሱም ያዞረዋል። ይህን ከሴቲንግ ማጥፋት ብቻ ነው። ግን ጌሙን ማን ቀሰቀሰው?

ሪሞቱን ሳላነሳ ቴሌቪዥኑ በራ። ሌላ መሣሪያ ከርቀት ተገናኝቷል የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው የኳስ ጨዋታ ተከፈተ፣ ቡድን ይመረጥ ጀመር። ኦቦ ኢስማኢል ወደ ሶኬቱ ዘለሉ።

«ዲሳ! ይተዉት!» ብዬ ጮህኩ። ነቅለውታል።

«ካሊድ እኮ ነው! ጌሙን ከሩቅ መክፈት የሚችለው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ እዚያ ሆኖ በስልኩ በኢንተርኔት እየከፈተ የሚጫወተው እሱ ነው!» አልኳቸው።

ሀያት «ልጄ አለ!» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እያለቀሱ አላህን አመሰገኑ። እኔም እንባዬ መጣ። ሶኬቱን መልሰን ሰክተን ጠበቅን። ቴሌቪዥኑ ጨለማ ነው።

«ቀነዓ፣ እኔ ስነቅለው እሱ ዘንድ ምን ይሆናል?» አሉ ኦቦ ኢስማኢል።

«ይቋረጥበታል።»

«ሁልጊዜ?»

«አዎ።»

«አባቴ ዘጋብኝ ይላላ።»

ኦቦ ኢስማኢል ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ አሉ።

«ከዚህ ሆኜስ እኔ እሱን ልቀሰቅሰው አልችልም?»

«አይሆንም ኦቦ። የሚከፍተው እሱ ነው።»

ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለው ሶኬቱን በእጃቸው ደግፈው ያዙ። በመንቀል ብዛት ላልቶ ይወልቃል። አዲስ ላስገባልዎ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ ለመቀየር ለአፍታም ቢሆን መንቀል አለብኝ።