ቁጥር ሠላሳ ሁለት

እኔ ሥራዬን የማውቅ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በዚህ ኮሌጅ የቅየሳ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድም የስም ዝርዝር ተሳስቶ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ያን ሰኞ ግን ወጣ። እጄን በቆረጠው!

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ተማሪዎች «ጋሽ ቆይ» የሚሉት መምህራችን በእረፍቱ ወር ሞተብን። ገበያ ደርሶ መጥቶ ወንበር ላይ አረፍ እንዳለ በዚያው ቀረ። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ቅየሳ ማለት መሬት መለካት አይደል? መሣሪያው በሦስት እግሩ ከቆመ በኋላ ላዩ ላይ ያለችው የውሃ ልክ እስክትረጋ መጠበቅ የግድ ነው። ተማሪ ሁሉ ይቸኩላል፣ እሱ «ቆይ» ይላል። ሲውል ሲያድር አመል ሆነበትና ጥያቄ ሲጠይቁትም «ቆይ»፣ ሻይ ሲቀርብለትም «ቆይ»፣ ኧረ ስንቱን ሻይ እንዳቀዘቀዘ እኔ ነኝ የማውቀው።

ሌላም አመል ነበረው። ክፍል ገብቶ የተማሪዎቹን ስም ጠርቶ ሲጨርስ ወረቀቱን ለመጨረሻው ተማሪ ይሰጥና የራሱን ስም ያስጠራል። «አለሁ» ይልና ትምህርቱን ይጀምራል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ቢሮዬ መጥቶ፣ «እነሱ ሲቀሩ ይጻፍባቸዋል፤ እኔስ ከማን በልጬ ነው?» ብሎ ስሙን ከተማሪዎቹ ሥር አስጨመረኝ። ሕጉም አንድ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል። የምሰርዘው ደግሞ እኔ ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶና በማስመሪያ። በዚያ ሁሉ ዓመት እሱ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ልጁ የተወለደች ቀን። በማግስቱ መጥቶ ስሙ ፊት «ቀሪ» ተብሎ መጻፉን በዓይኔ ካላየሁ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

አዲሱ ተርም ሊጀመር ሲል ዝርዝሩን አዘጋጀሁ። ሠላሳ አንድ ተመራቂ ተማሪ ጻፍኩ። ቀጥዬም ሠላሳ ሁለት ብዬ የእሱን ስም። አተምኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ለረዳት መምህሯ ሰጠኋት።

ይቺ ልጅ መጀመሪያ ተማሪው ነበረች። ከዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ረዳቱ ሆና ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክማ ሜዳ ለሜዳ ስትከተለው ከረመች። አሁን ትምህርቱ ለእሷ ተሰጠ። ያን ሰኞ ጠዋት ሸሚዟን ተኩሳ ቢሮዬ መጣች።

«እትዬ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ፤ ጠመኔ ሲይዝ ይተዋል» አልኳት። ማጽናናት ላይ እንግዲህ ይህን ያህል ነኝ።

የመማሪያ ክፍሉ ከቢሮዬ ፊት ለፊት ነው፣ በሩም ገጥሞ አይዘጋም። ስም ስትጠራ እሰማታለሁ። ሃያ ዘጠኝ፣ «አቤት»። ሠላሳ፣ «አቤት»። የመጨረሻው ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ከዝርዝሩ ጭራ ስላልተነሳ ስሙም «ሠላሳ አንድ» ሆኖ ቀርቷል፤ እሱም በዚያ ጎርናና ድምፁ «አቤት» አለ። እሷ በዚያው እስትንፋስ፣ ሳታስበው፣ የሚቀጥለውን አነበበች።

የሞተውን ሰውዬ ስም።

ክው አልኩ። ብቅ ብዬ ባይ ወረቀቱን እንደያዘች በሩን እያየች ቆማለች። ከዚያ ጠመኔዋን አስቀመጠች፣ ወጣች፣ ዝርዝሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች፣ ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የኮሌጁ አማካሪ ክፍል ፎርም ላከልን። «ከአንድ እስከ አምስት ባለው መለኪያ ሐዘንዎ ምን ያህል ነው?» ይላል። ወይ ጉድ! ሐዘንን በመለኪያ! ሰውዬው ቢኖር «መለኪያው መጀመሪያ ይስተካከል» ይል ነበር። ገልብጬ ከጀርባው ላይ ሽንኩርትና ሳሙና ብዬ የአስቤዛዬን ዝርዝር ጻፍኩበት።

ረፋዱ ላይ ልጅቷ ደብዳቤ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል። «ይህን ትምህርት ለማስተማር አልችልም» የሚል ነው። ኃላፊያችንም እዚያው ቢሮዬ ነበር። ከበኩር ልጄ በሁለት ዓመት ያንሳል፣ ቢሆንም አለቃ አለቃ ነውና አንቱ እንባባላለን። ሠላሳ አንድ ደግሞ የክፍሉ ተወካይ ስለሆነ ምን ተወሰነ ብሎ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

ኃላፊው ደብዳቤውን አነበበና ተነፈሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨንቆታል እንጂ።

«ሌላ መምህር የለኝም» አላት። «ነገ ሦስት ሰዓት ካልገባሽ ትምህርቱን እዘጋዋለሁ። ሲዘጋ ሠላሳ አንዱም ልጆች ምረቃቸው በዓመት ይዘገያል። ይህን እያወቅሽ ወስኚ።»

«ስሙን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ጠርቼ ደግሞ ጠበቅሁ። ገብቶዎታል? ሞኝ አይደለሁም፣ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ግን በእውነት፣ ይመልስልኛል ብዬ ጠበቅሁት።»

አንጀቴን በላችው። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ።

«እርስዎም ያንን ስም አሁኑኑ ያውጡት። ንጹሕ ዝርዝር ያትሙና ነገሩ ይዘጋ።»

ይዘጋ? ደሜ ፈላ።

«አላወጣም!» አልኩ።

«ምን ማለት ነው?»

«አላወጣማ! ስንት ቀን ቀረ? አንድ ቀን! ሕጉ ስንት ነው የሚለው? ሦስት! በአንድ ቀን መቅረት የማንንም ስም ሰርዤ አላውቅም፣ ለአንተም ብዬ አልሰርዝም!»

«ለአንተ» ከአፌ አመለጠኝ። ያልኩትን ለራሴ ስሰማው እብደት ነው።

«ሞት እኮ በቂ ምክንያት ነው፣ እትዬ» አለ ሠላሳ አንድ ቀስ ብሎ። «ግን ጋሽ ቆይ ያለ ማስረጃ አይቀበልም። ራሱ ካላመጣ ደግሞ...»

ልጅቷ መጀመሪያ ያለቀሰች መሰለኝ። ሳያት ትስቃለች። ስቃ ስቃ ለቅሶ ሆነባት፣ ከዚያ መልሳ ሳቀች። ሠላሳ አንድም ፊቱን ወደ ኮሪደሩ አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ደብዳቤውን ከኃላፊው እጅ ተቀበለችና ለእኔ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ ይህ ይቆይ» አለች። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ ሦስት ሰዓት ገባች። ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፣ ጆሮዬ ብቻ ነው የሚሠራው። ሠላሳ አንዱንም ተማሪዎች ጠራች። ከዚያ እንደ ድሮው ወረቀቱን ለመጨረሻው ልጅ ሰጠችው መሰለኝ፣ ያ ጎርናና ድምፅ የመምህሩን ስም ጠራ፤ ግማሹ ላይ ሻከረበት። ጠበቁ። ቸኩሎ የተናገረ የለም። ቆይታ፣ «ቀሪ» ስትል ሰማኋት። ወዲያው ጠመኔው ሰሌዳውን መንካት ጀመረ። አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረች፤ መሀል ላይ ተሳስታ አጥፍታ መልሳ ጻፈች፣ ልጆቹም ዝም ብለው ገለበጡ።

ዓርብም እንዲሁ ሆነ። የዓርቡ ግን ሦስተኛው ነበር። ከጥሪው በኋላ በሬ ተንኳኳ፤ ሠላሳ አንድ ነው።

«እትዬ፣ ይምጡ። መሰረዝ የእርስዎ ሥራ ነው።»

ምን ቆርጦኝ ሕግ ጠቀስኩ! ማስመሪያዬንና ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ገባሁ። ሠላሳ አንዱም ተማሪዎች ተነሱልኝ። ዝርዝሩ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ በስሙ ትይዩ ሦስት ጊዜ «ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ» ተጽፏል። ማስመሪያውን ስሙ ላይ ሳደርገው ይንሸራተታል፣ ሳስተካክለው ይንሸራተታል።

«ልጄ» አልኳት፣ ዝቅ ብዬ፣ «የሰኞውን ዝርዝር ስጽፍ ስሙን ያስገባሁት እጄ ለምዶ አይደለም። ሠላሳ ሁለት ላይ ስደርስ ትዝ ብሎኛል። አውቄያለሁ። ስሙ የሌለበት ወረቀት ከእጄ እንዳይወጣ ብዬ ነው የተውኩት። እኔ የፈራሁትን አንቺ ተጋፈጥሽልኝ። ይቅር በይኝ።»

ለማንም አልነገርኩትም ነበር፤ ለራሴም ቢሆን። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን መጥታ አጠገቤ ቆመችና የማስመሪያውን ጫፍ በጣቷ ያዘችልኝ።

«ቀስ ይበሉ፣ እትዬ» አለች። «እጅዎ እስኪረጋ እንጠብቃለን።»

ጠበቁኝ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆሞ የእኔን እጅ ጠበቀ። ሲረጋ አሰመርኩ፣ ከስሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ ቀጥ ያለ ቀይ መስመር። ከዚያ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከሞተ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር። አንዷ ተማሪ ወንበር ሰጠችኝ፣ አንዱ ውሃ አመጣልኝ፣ በዚያ ቀን ስንት ደቂቃ ትምህርት እንደባከነ ኃላፊው አልጠየቀም።

ቅዳሜና እሑድን ሳስብ ቆየሁ። ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይገባ መጥቼ አዲስ ዝርዝር አተምኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ቢሮዬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ስም መጥራት ጀመረች። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ። ሠላሳ አንድ፣ «አቤት»። ከዚያ ዝም አለች፤ የሚቀጥለውን አይታለች ማለት ነው። ወረቀቱ ሲሰጥ ኮሽ አለ። ያ ጎርናና ድምፅ በሕይወቱ እንዲህ ጮክ ብሎ ጠርቶ አያውቅም፤ የእሷን ስም ከነአባቷ ጠራው።

መልስ የለም። እጄ ሳላዝዘው ወደ መሳቢያው ሄደ፣ ወደዚያ ደብዳቤ።

«ቆይ» አለች።

ቆየን። እነሱም እዚያ፣ እኔም እዚህ።

«አለሁ።»