በስተግራ

ሴትዮዋ አራተኛው ጀልባ ጋ ደርሳለች። የተጠቀለለ ጃንጥላዋን እያነሳች ትጠይቃለች፤ ባለ ጀልባው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ባሏ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሚባለው ሁሉ እንደተስማማ ሰው ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

ኤሚልየን አምስተኛው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይመለከታቸዋል። የእሱ ከመስመሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ድንጋይና ውኃ ብቻ ነው።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ጀልባው ላይ እንግዳ አልተቀመጠም። ጠዋት ጠዋት ከፕራሊን ደሴት የምትመጣው መርከብ እንግዶቹን እዚህ ላ ዲግ ደሴት ላይ ታወርዳለች፤ እነሱም ተሰልፈው የቆሙትን ጀልባዎች ሰሌዳ እያነበቡ ይመጣሉ፤ ከዚያ አንደኛው ወይም ሦስተኛው ላይ ይቀራሉ። እስከ እሱ ድረስ ሊመጡ የነበሩ እንኳ ነበሩ። እነዚያን ደግሞ ከአራቱ ባለ ጀልባዎች አንዱ ሬጂስ ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ እያሳየ ከመንገድ ይመልሳቸዋል። ኤሚልየን አይቀየመውም። ሬጂስ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጀልባው ሁለት ሞተር አላት፣ አፉም ያንኑ ያህል ይሠራል። የኤሚልየን ግን አሮጌ የእንጨት ጀልባ ናት። በነሐሴ ቀለም ቀባት፤ የመቀመጫዎቹን ጨርቅ ቀየረ፤ ሰሌዳውን በአዲስ ፊደል አስጻፈ። የመጣ ለውጥ የለም። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው ፊት ሲያይ የኖረ ሰው፣ አሁን የሚያየው የሰው ጀርባ ሆነ።

ያን ጠዋት ሬጂስ ነዳጅ ሊቀዳ ሄዶ ነበር።

ሴትዮዋ አራተኛውን ጀልባ ትታ መጣች። ቆመችና ጀልባዋን ሳይሆን እሱን አየችው።

«እርስዎም ሊያስቁኝ ነው?»

«አልችልበትም፣ ማዳም።»

«ደግ። እኔ ኦዲል እባላለሁ። ከሬዩኒየን ነን። አርባ ዓመት አስተምሬአለሁና የሚዋሸኝን ሰው ከሩቅ ነው የማውቀው።» ጃንጥላዋን ወደ ባሏ ቀሰረች። «ሞሪስ አይሰማም። አሁን የሚሰማው በመስሚያ ነው። ውኃ ሲገባ አውልቆ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ቢመጣበት፣ ሰው ቢጮህለት፣ መድፍ ቢተኮስ አያውቅም። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም። እንግዲህ ጀልባው ቢያምር ባያምር፣ ምሳው ዓሣ ቢሆን ሥጋ ቢሆን ግድ የለኝም። የምፈልገው ዓይኑን ከሱ ላይ የማይነቅል ሰው ነው። እዚያ ያገኘኋቸውን ሁሉ ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም ‹ችግር የለም፣ ማዳም› አሉኝ። ችግር የለም የሚል ሰው አላምንም።»

ኤሚልየን ‹ችግር የለም› አላላትም። ይህ በእሷ ዘንድ እንዳስወደደው ገብቶታል።

በሰኔ ወር ማሄ ደሴት ያለው የዓይን ሐኪም አገጩን ብረት ላይ አስደግፎ ብዙ ካየው በኋላ «ግላኮማ ነው» ብሎታል። «የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለጊዜው ያቆይልዎታል።» በስተግራ ያለው ዓለም ከሞላ ጎደል ሄዷል። ከቀኙም ጠርዝ ጠርዙ ተበልቷል። የቀረው በቱቦ ውስጥ እንደማየት ያለ ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ዙሪያው ግን ጨለማም እንኳ አይደለም፣ የለም ነው። ጠብታውን ጀልባው ላይ ካለው የበረዶ ሣጥን ሥር ደብቆ፣ ሰው ሳያይ ያንጠባጥባል። ለሚስቱ ለዜሊ አልነገራትም። ብስክሌት መንዳት ሲያቆም ጉልበቴን አመመኝ አላት፤ እሷም ማታ ማታ በኮኮናት ዘይት ታሸዋለች።

አሁን መናገር ነበረበት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሴትዮዋ አመስግና ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ስምንተኛው ሳምንት ይጀምራል።

«እኔ አያለሁ» አለ።

ማዳም ኦዲል ዓይኖቹን አየቻቸው። ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ደህና ዓይኖች ናቸው፤ ከውጭ የሚታይ ምንም የለባቸውም።

«በቃ፣ እርስዎን መርጫለሁ» አለችና እጇን ዘረጋችለት።

ገመዱን ፈትቶ ከወደቡ ሲወጣ ሬጂስ የነዳጅ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ። ጀሪካኑን ጥሎ እስከ ጠርዙ ሮጠ። «ቶንቶን!» እያለ ይጮሃል፤ ከእሱ የሚያንሱት ሁሉ አጎቴ እንደማለት እንዲህ ነው የሚጠሩት። «ቶንቶን ኤሚልየን! አንዴ ቁም! አንዴ!» ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ቅናት ነው ብሎ አሰበ ኤሚልየን። ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቡ ፈገግ አለና ለሞተሩ ጉልበት ጨመረለት።

ባሕሩ ላይ ሲሆን ሰውነቱ ራሱ ያውቅ ነበር። ማዕበሉ የት ላይ እንደሚያጥር፣ ነፋሱ ከፌሊሲቴ ደሴት ጀርባ ሲወጡ በየት በኩል እንደሚመታ፣ በእግሩ መዳፍ ይሰማዋል። ሞሪስ አጠገቡ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ይጠይቀዋል፤ ኤሚልየን እየጮኸ ይመልስለታል፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ማዳም ኦዲል ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አምናዋለች። ደስታው እንዲህ ትልቅ ስለነበር የዋሸውን ውሸት ለአንድ ሰዓት ያህል ረሳው።

ኮኮ ደሴት አጠገብ መልህቅ ጣሉ። ሞሪስ መስሚያዎቹን በትንሽ ሣጥን ከትቶ ለሚስቱ ሰጣት፤ የመጥለቂያ መነጽሩን አጠለቀ፤ በመሰላሉ ወርዶ ሄደ።

ኤሚልየን ማየት ጀመረ። ማየት ሥራ ሆነበት። አንገቱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ነጩ የሞሪስ ጀርባ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ እንደገና ይፈልገዋል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ቆየ። አንገቱ ደነዘዘ፤ ዓይኑ አለቀሰ። ሞሪስ ሲጠፋበት ሴትዮዋ እንዳትሰማው በረጅሙ ላለመተንፈስ ይጠነቀቅ ነበር።

ከዚያ የውኃው ጉዞ ተለወጠ። መልህቁ አሸዋ ላይ ሲጎተት በገመዱ ታወቀው። ጀልባዋ በቀኝ ጎኗ ወደ ቋጥኙ እየተጠጋች ነው። ሞተሩን አስነስቶ ሁለት የጀልባ ርዝመት ያህል ወደ ፊት መሄድ ነው፤ ሺህ ጊዜ ያደረገው ነገር ነው። ሞሪስን ፈለገው። በቀኝ የለም። ፊት ለፊት የለም። በግራ ዞሮ አየ፤ ፀሐይዋ ውኃው ላይ ተሰባብራ አብለጨለጨችበት፤ ምንም የለም። ርቆ ሄዷል ማለት ነው። ቋጥኙ ቀረበ። ጣቶቹ ቁልፉን ጨበጡ።

«ኧረ እንዴት ይታገሱታል!» አለች ማዳም ኦዲል። ድምፅዋ የተዝናና ነበር። «ሌላ ሰው ቢሆን ውጣ ብሎ ክንዱን ይጎትተው ነበር።»

በአገጯ ወደ ጠቆመችው ዞረ። አሁንም ዞረ። ትከሻውን ጨምሮ እስኪያዞር ድረስ አልታየውም። ሞሪስ በግራ እጁ የመሰላሉን የታችኛውን ደረጃ ይዞ፣ ፊቱን ውኃው ውስጥ ደፍቶ፣ ከሥሩ የሚመላለሱትን ዓሦች ያያል። እግሮቹ ከሞተሩ ምላጭ አንድ ክንድ አይርቁም። በደስታ ያወዛውዛቸዋል።

የኤሚልየን እጅ ከቁልፉ አልላቀቅ አለ። በሌላኛው እጁ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ከዚያ ረጅሙን እንጨት አንስቶ ቋጥኙን ሊገፋ ሞከረ፤ ጉልበት አልነበረውም። ጀልባዋ ድንጋዩን ከጎኗ ጋር እያፋጨች አለፈች፤ አዲሱ ቀለም ከሥሩ ካለው እንጨት ጋር ተልጦ ወረደ። ሞሪስ ንዝረቱ ሲሰማው ቀና አለ፤ እጁን አውለበለበላቸው፤ ወጣ።

ሴትዮዋ የተላጠውን ጎን አየች፣ ቀጥሎ ኤሚልየንን።

«ሞተሩን ማስነሳት ይችሉ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ለእሱ ብለው ነው የተዉት። አይቼአለሁ።»

ኤሚልየን እጆቹን ጭኖቹ መካከል አስገብቶ ያዛቸው።

ሲመለሱ ማዳም ኦዲል ዕቅዷን ስታወራ መጣች። እኅቷ ከነባሏ ነገ ትመጣለች፤ ገና ሦስት ቀን አላቸው፤ ሦስቱንም ቀን ከእሱ ጋር ነው፤ ሌላ ጀልባ አታይም። ወደቡ ሲደርሱ ኤሚልየን ገመዱን አሰረ፣ ሁለቱንም ደግፎ አወረደ፣ ከዚያ ተናገረ።

«ነገ አልችልም፣ ማዳም። ሞተሩ መፈታት አለበት።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ከነገ ወዲያም።»

ፊቷ ተለወጠ። «ምን አጠፋን? ሞሪስ ብዙ ቆየብዎት? ጀልባው ስለተጎዳ ነው? እሱን እኛ...»

«ምንም አላጠፋችሁም።»

ወደ ሬጂስ ወሰዳቸው። ሬጂስ አልቀለደም፤ ስልኩንም አላወጣም። ባርኔጣውን አውልቆ በሰዓቱ ተስማማ፣ ሞሪስ የማይሰማ መሆኑን ከኤሚልየን አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ። ማዳም ኦዲል ስትሄድ ለኤሚልየን እጇን አልዘረጋችለትም። እንደተታለለች ገብቷት ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ሬጂስ ከዓይን እስኪርቁ ጠበቀ።

«ደህና ናቸው?»

«አላየሃቸውም?»

«አየሁ። ዛሬ ሙሉ ቀን እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። ሥራ አልወጣሁም።»

«ለምን?»

ሬጂስ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ። «ቶንቶን፣ አትቆጣ። እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«ዓይንህን። በሐምሌ መጨረሻ ያንን ምሰሶ በጠራራ ፀሐይ የገጨህ ቀን። ሰው ያላየህ መስሎህ ዙሪያህን ገላመጥክ፤ እኔ በግራህ በኩል ቆሜ ነበር። አንድ ክንድ አልርቅህም። ዓይንህ በእኔ ላይ አለፈ፤ አላየኸኝም።» ወደ ሌሎቹ ጀልባዎች ጠቆመ። «ለሌሎቹ ነገርኳቸው። ምን ላድርግ? ወደ አንተ የሚመጣውን ሁሉ ተራ በተራ እንያዝ ተባባልን። ሰባት ሳምንት ያዝነው። ዛሬ ነው ያመለጠን።»

ኤሚልየንን ቀለሙ፣ ጨርቁ፣ አዲሱ ፊደል ታወሱት። ሰው ጀልባውን አልናቀም። ጀልባው ድረስ የደረሰ ሰው አልነበረም።

«ከእናንተ አንድ ሰው ሊነግረኝ አልቻለም?»

«ማን ይንገርህ? እኔ? ሞተር ፈትቶ መግጠም ያስተማርከኝ አንተ ነህ እኮ!» ሬጂስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፣ አስቤበታለሁ። ከእኔ ጋር ና። ከፊት ትቀመጣለህ፤ ስለ ደሴቶቹ ታወራላቸዋለህ፤ እንግዳ ሽማግሌ ይወዳል። ከእነ ባርኔጣህ። ሥራው ያ ብቻ ነው።»

ደግነት ነበር። ኤሚልየን ደግነቱን ልክ እንደ ጥፊ ፊቱ ላይ ተቀበለው።  ወደ ጀልባው ተመልሶ ጠብታውን ከበረዶው ሥር አውጥቶ ኪሱ ከተተና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። ብስክሌቶች በግራው እየደወሉ ያልፉት ነበር፤ ባለ ብስክሌቶቹ ፊቱ ላይ ድንገት ከምንም ይወጣሉ።

ዜሊ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ነበር። ከቤቱ ጀርባ ካለው ማድቤት ሆና፣ በሩን ሲገፋ ጀምሮ ጮኸችለት።

«መረጡህ አሉ! ኢርማ ከወደቡ ስትመለስ ነገረችኝ። ሴትዮዋ አራቱንም እየዘለለች መጣች አሉ፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አላልኩህም? ያ ቀለም ነው! ቁጭ በል፣ ጉልበትህን አታስቸግረው። ኦክቶፐስ ገዝቻለሁ። ነገም ይመጣሉ? ስንት ሰው ናቸው? ምሳውን እዚሁ ልሥራላቸው፤ የጀልባ ላይ ዳቦ አትስጣቸው። እኔ ካሪ ልሥራላቸው።»

ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ተቀመጠ። ዜሊ ኮኮናት ትፈቀፍቃለች፣ ድስት ትከፍታለች፣ ትዘፍናለች። ሰባት ሳምንት እንዲህ ስትዘፍን አልሰማትም። ከምድጃው ወደ መስኮቱ ስትሄድ ቱቦው ውስጥ ገባች፤ ሰማያዊ ቀሚሷ፣ የታሰረው ፀጉሯ፣ ክንዷ ላይ የተለጠፈው የኮኮናት ፍቅፋቂ፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ታየው። ከዚያ አለፈችና የለችም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትነሱት?»

«ዜሊ» አለ።

«ወይ።»

ወደ መስኮቱ እያየ ነበር። የሚናገረውን ለቀሚሷ፣ ለፊቷ ሊናገረው ፈልጎ ብርሃኑ ውስጥ ፈለጋት። መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ የተሰቀለው ወንፊት። ግራ ጉንጩ ላይ የሚሞቅ እንፋሎት ተሰማው፤ የኦክቶፐስና የቀረፋ ሽታ ያለው፣ ለቅምሻ የተዘረጋ ማንኪያ።

«ወዴት ነው የምታየው?» አለችው ከጎኑ እየሳቀች። «እዚህ ነኝ እኮ!»

ሳቋ ገና አላለቀም ነበር።