በአስራ አንድ ሰከንድ የተጠረገው መልእክት

ፋርማሲስቱ የሚያስተዳድረው የአክሲዮን ቡድን በስልክ ውስጥ ካሉ ቡድኖች ሁሉ ንጉሡ ነበር። አባላቱ ዘጠኝ ሺህ ናቸው፤ ገበያ ሲከፈት መልእክቱ እንደ በረዶ ስለሚወርድ የአስተዳዳሪው ስልክ እንቁላል ለመጥበስ ይበቃል። በዚያ ሁሉ ናዳ መሃል ከርዕስ የወጣ አንድ ቃል ደቂቃ ሞልቶት አያውቅም። የልጁን ምርቃት ያበሰረ፣ የጎረቤቱን ውሻ ያማ፣ ለኳስ የጮኸ፣ ሁሉም ወዲያው ይጠረጋል። በቦታውም «ይህ የአክሲዮን ቤት ነው፤ ወሬ ወደ ጓዳ» የምትል መስመር ትቀመጣለች። ጓዳ የሚሉት ለጨዋታ የተከፈተውን ሌላውን ክፍል ነው። አባላቱ የአስተዳዳሪውን ሥራ ስለማያውቁ «መጥረጊያው» ይሉታል፤ እሱም ከማዕረግ ቆጥሮታል።

የጓዳው ጌታ ደግሞ ሰዓት ሠሪው ነበር። የነካው አክሲዮን ሁሉ ቁልቁል ይሄዳል፤ ጨዋታው ግን ሰውን ሦስት ቀን ጎኑን ያሳምመዋል።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰዓት ሠሪው ስልክ የግል መልእክት መጣ።

«ጤና ይስጥልኝ፤ ሚስቱ ነኝ። ማክሰኞ ዐረፈ፤ ትናንት ቀበርነው። የመጨረሻ ጽሑፉን ፈልጌ አጣሁት። የማየው የእርስዎን መልስ ብቻ ነው። ምን ብሎ ነበር?»

መጥረጊያው ማክሰኞን አላስታወሰውም። የተጠረገ ነገር ለአስተዳዳሪው ብቻ ሁለት ቀን ይቆይለታል፤ ከዚያ ለማንም አይገኝም። ከፈተው። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ፦

«ወገኖቼ፣ ከነጋ ግራ ክንዴ ደንዝዟል፤ ደረቴም ከብዶኛል። የሚወርደው አክሲዮኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ከመሃላችሁ መድኃኒት የሚያውቅ አለ?»

በአስራ አንድ ሰከንድ ተጠርጓል።

ሰውየው ይህንን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ቢናገር ኖሮ ፋርማሲስቱ ባንኮኒውን ዘልሎ ታክሲ ውስጥ ይከተው ነበር፤ ከዚህ በፊትም ለሁለት ሰዎች አድርጎታል። ማክሰኞ ግን የአክሲዮን ስም አጣበትና ሳያነበው ጣቱን ጫነ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ መልእክቱ በራሱ ይጠፋል። «ሰላምታ ነበር» ብሎ ጻፈላት። ሳይልከው አጠፋው። የክኒን ከረጢት አንሥቶ፣ «በቀን ሦስት ጊዜ» በሚጽፍበት ቦታ ላይ የሰውየውን ቃል አንድ በአንድ ገለበጠ። ከዚያ አድራሻዋን ጠይቆ ሱቁን ዘጋ።

ሴትዮዋ ከለቅሶው ለአፍታ ወጥታ በባሏ ሱቅ ውስጥ የደንበኞችን ሰዓት በየስማቸው እየለየች ነበር።

«ለማስጠገን ከሆነ ሠሪው የለም፣ ወንድሜ።»

«እኔ መጥረጊያው ነኝ፣ እትዬ።»

«ውይ፣ እርስዎ ነዎት? ራት በቀረበ ቁጥር ያማዎት ነበር! ‹ሰውዬው ሚስቱም ከርዕስ ከወጣች ይጠርጋታል› ይለኝ ነበር።»

ከረጢቱን ሰጣት። አክሲዮኑ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። መጨረሻው ላይ ፈገግታዋ ጠፋ።

«የሚያውቅ አልነበረም?»

«ነበረ። ፋርማሲ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አላነበብኩትም፣ እትዬ።»

ከረጢቱን ደግማ አነበበችው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይቆጥራሉ።

«እኔ እዚችው አጠገቡ ሻይ እየጠጣሁ ነበር» አለች። «ምን ትጽፋለህ ስለው ‹ገበያ› አለኝ። ለእኔ ያልነገረኝን ለእናንተ ነገረ።» ከረጢቱን መለሰችለት። «ቦታው ላይ ይመልሱት።»

«የተጠረገ አይመለስም።»

«እንግዲያው ይጻፉት። እርስዎ ያደረጉትንም አብረው ይጻፉ።»

በደንበኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ አለ። ገበያው በጦፈበት ሰዓት፣ በዋናው ክፍል፣ የሰዓት ሠሪውን ቃል ከነስሙ ጻፈ። ከሥሩም፦ «ማክሰኞ ይህንን የጠረግኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት አውቃለሁ። ሰውየው በዚያው ቀን ሞተ» አለ። ላከው።

የመጀመሪያው መልስ ሰከንድ አልፈጀበትም። ከማያውቀው አባል ነበር፦

«ይህ የአክሲዮን ቤት ነው፤ ወሬ ወደ ጓዳ።»

ጣቱ በልማድ ወደ መጥረጊያ ምልክቱ ሄደ። ሴትዮዋ በትከሻው በኩል አንብባው ነበር፤ እጁን ያዘችው።

«ይተዉት» አለች። «እሱም አላነበበውም።»